አክስቴን በቴሌቪዥን ያስለቀሷት ጊዜ

አክስቴን ሰፈሩ የሚያውቃት «ተኳሿ» በሚል ስም ነው። ሙያዋ ልብስ መተኮስ ነው፤ ስሙ የወጣላት ግን በካውያዋ ብቻ እንዳልሆነ በሯን የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ምላሷም ይተኩሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆማ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው ሱሪ፣ የሰው ቀሚስ ስታቃና ኖራለች። እግረ መንገዷን ባለቤቱንም ታቃናለች።

«ይሄ ኮሌታ አንገት ላይ ነው የዋለው ወይስ ጭስ ማውጫ ላይ?» ትለዋለች መምህሩን። «አንቺ፣ ይሄን ቀሚስ ለብሰሽው ነው የዋልሽው ወይስ ስትታገይው?» ትላታለች ነርሷን። ሰው ተቆጥቶ ይወጣል፤ በሳምንቱ ይመለሳል። እሷ የተኮሰችው እጅጌ ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል።

እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ አብሬያት ነው የምሠራው፤ እሷ ትተኩሳለች፣ እኔ አጥፌ የባለቤቱን ስም እለጥፋለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ነገሩ የመጣው በተከራያችን በኩል ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አራት ዓመት የኖረ፣ አፉን የማይከፍት ከሲታ ልጅ ነበር። ደራሲ ነኝ ይላል። አክስቴ «ድርሰቱስ የታለ?» ስትለው፣ «እየጻፍኩ ነው እትዬ» ይላታል። ክፍሏ ብርሃን ስለማታስገባ ቀን ቀን ሱቁ ጥግ ላይ በርጩማ ስቦ ይጽፋል። ከጊዜ በኋላ እንደ ዕቃ ቆጠርነው። ዕቃ ፊት ደግሞ ማን ምን ይደብቃል? አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ፤ በዓመቱ እሱ የጻፈው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ጀመረ።

እኛ መጀመሩንም አላወቅንም። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ገብቶ፣ «ተኳሿ! ነይ ራስሽን እዪ!» ብሎ ጮኸ። አክስቴ፣ እኔና ጡረታ የወጣው ባሏ ተያይዘን ወደ ፀጉር ቤቱ ሮጥን። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ አንዲት ደልዳላ ሴት ካውያ ይዛ ቆማለች። ካውያውን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ሙቀቱን ትለካለች፤ ልክ እንደ አክስቴ። ውሃ በአፏ ይዛ ሸሚዙ ላይ እፍ ትላለች፤ ልክ እንደ አክስቴ። ከዚያ ጥቁር የለበሰች ሴት፣ ባሏ ነገ የሚቀበርበትን ሙሉ ልብስ ይዛ ገባች።

ይህ በእኛ ሱቅ የሆነ ነገር ነው።

«ለሬሳው ነው?» አለች የቴሌቪዥኗ ተኳሽ።

«አዎ። እባክሽ ለጠዋት...»

«በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ተኩሰሽለት ታውቂያለሽ?»

ሴትዮዋ እንባዋን እያዘራች ወጣች። ፀጉር ቤቱ ተንጫጫ። «ይቺስ አረመኔ ናት!» አለ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ ደንበኛ። ትርኢቱ ግን አላለቀም። የቴሌቪዥኗ ተኳሽ በሩን ዘጋች። ሙሉ ልብሱን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ተኮሰችው። ከኮቱ አንድ ቁልፍ መጉደሉን ስታይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የራሷን ባል ኮት አወረደች፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቁልፉን ነቀለችና ለሟቹ ሰፋችለት። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም። የሚሰማው የካውያው እንፋሎት ብቻ ነው።

ከዚያ ከኋላችን የባሏ ድምፅ መጣ።

«ሴትዮ፣ ቁልፌን የወሰድሽው አንቺ ነሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ስፈልገው!»

አክስቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ሰላይ!» አለች። «ሰላይ ነው ቤቴ ያስቀመጥኩት! እባብ ለመደ ተብሎ በኪስ አይያዝም!» ያን ሳምንት ያመጡላትን ልብስ ሁሉ በንዴት ነው የተኮሰችው፤ መቼም እንደዚያ የቀና ሱሪ አይቼ አላውቅም።

ሰው ግን በዚያች ሴት አበደ። «በሕይወት ሳለ አንድ ቀን...» የሚለውን የማይል አልነበረም። እናት ልጇን ስትገሥጽ፣ ሻጭ ከገዢ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ያችኑ ይመዛሉ። ከሩቅ ሰፈር ሸሚዝ አንጠልጥለው እየመጡ «እትዬ፣ እባክሽ አንድ ስድብ» የሚሉ ደንበኞች አፈራን። አክስቴ «ዜና ላይበት ነው» ብላ አሮጌ ቴሌቪዥን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ማክሰኞ ማክሰኞ እየተኮሰች ታያለች፤ «ካውያ እንዲህ አይያዝም፣ አንቺ ሴት እጅሽ ይቃጠላል!» እያለች። አንድ ቀን ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «ይሄ ልጅ ሰድቦኛል። አልዋሸብኝም ግን።»

የድራማው ሁለተኛ ዓመት ሲጀምር ነው ጉዱ የመጣው።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ተኳሿ ነጭ ለብሳ ብቅ አለች። በየሰዉ ቤት እየዞረች የሰደበቻቸውን ሁሉ ይቅርታ ትጠይቃለች። የቫዮሊን ሙዚቃ ከበሯ እስከ በራቸው ይከተላታል። በመጨረሻ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ደረሰች፤ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች፤ እንባዋን ዱብ ዱብ እያደረገች «እህቴ፣ ለባልሽ ኮት ቁልፍ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ውስጤ እኮ ክፉ አልነበረም» አለች። ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ። ዘወር ስል አክስቴ ካውያውን ሸሚዝ ላይ ትታ አፏን ከፍታ ቆማለች። በሃያ ስድስት ዓመት ያቃጠለችው ልብስ ያ ብቻ ነው።

«ተናገረች» አለች። «ያንን ተናገረች!»

በማግስቱ ሱቁን ዘግታ «ተከተይኝ» አለችኝ። የቴሌቪዥን ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው «ቀጠሮ አላችሁ?» ሲለን፣ አክስቴ የሸሚዙን ኮሌታ ቆንጠጥ አድርጋ «ይሄን ማን ነው የተኮሰልህ? ጠላትህ ነው?» አለችው። ሰውዬው በሳቅ ፍርስ አለ፤ «እሷ ናት! እሷው ራሷ!» እያለ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ራሱ አደረሰን።

የመስታወት ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው። ግድግዳው በባለ ቀለም ወረቀቶች ተሸፍኖ ምኑም አይታይም። ስድስት ወጣቶች ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። የቀድሞ ተከራያችን ወፈር ብሏል፤ ሲያየን ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። በጠረጴዛው ራስ ላይ የተቀመጠው የድራማው አዘጋጅ ደግሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ።

«እንኳን ደህና መጡ! የሁሉ ነገር መነሻ እርስዎ ነዎት አሉ!»

«ለምንድን ነው ያለቀስኩት?» አለች አክስቴ፣ የዘረጋውን እጅ ሳትጨብጥ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉ?»

«ትናንት አልቅሻለሁ። ተንበርክኬ። ምን ሆኜ ነው?»

አዘጋጁ ፈገግ አለ። ሕፃን ለማባበል የሚሉት ዓይነት ፈገግታ ነው። «ጥናት አስጠንተን ነበር። ተመልካቹ ሲጠየቅ ትንሽ ደግ ብትሆንልን ብሏል። ገጸ ባሕርይ ካልተወደደ ደግሞ አይታወስም፤ ሙያው እንደዚህ ነው።»

«እንደዛ ነው?» አለች። «እስቲ አንተ ንገረኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ ካየኸው፣ ከሰማኸው፣ ካነበብከው ሁሉ ማን ትዝ ይልሃል? ቶሎ በል፣ ሳታስብ።»

ሰውዬው መጀመሪያ ሊስቅ ፈለገ፤ ከዚያ ግን ጥያቄው ያዘው መሰለኝ ዓይኑ ራቅ አለ። «ልጅ ሆኜ ሬዲዮ ላይ አንድ ተከታታይ ነበር። የወህኒ ቤት ዘበኛ አለ፤ የእስረኞቹን ምግብ እየሰረቀ የሚበላ። አንድ ማንበብ የማይችል እስረኛ ከቤት ደብዳቤ ይመጣለታል፤ ዘበኛው ነው የሚያነብለት። እናትህ ሞተዋል የሚል መስመር ላይ ሲደርስ ትንሽ ዝም ይልና ዘሎት ያልፋል። ደህና ናቸው ይለዋል።»

«ደግ ሰው ነበር?»

«ኧረ ሌባ ነው። በማግሥቱም ምግቡን በልቶበታል።»

«ኋላስ መጥቶ መስመር ዘልያለሁ፣ ውስጤ ክፉ አልነበረም ብሎ ተንበረከከ?»

«አይ። እስከ መጨረሻው ድረስ ትንፍሽ አላለም።»

«የድራማው ጀግና ማን ነበር?»

አዘጋጁ ጣራውን አየ። «ጀግናው... ጀግናው እንኳ... ጢም ነበረው መሰለኝ።»

ከስድስቱ ወጣቶች አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«ታዲያስ!» አክስቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትመታው የውሃ ጠርሙሶቹ ዘለሉ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሆድህ ውስጥ ያኖርከው ሌባውን ነው! ጢማሙን መቼም አላስታወስከውም! ሌባው ዝም ስላለህ አይደለም ወይ እስከ ዛሬ ስለ እሱ የምታስበው? እኔን ግን አስለፈለፋችሁኝ። ያን ቁልፍ እኔ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም ነበር። ክፋት ከፈለጋችሁ ጨምሩብኝ፤ ምላሴን አንድ ክንድ አድርጉት፤ ግድ የለኝም። ደግነቴን ግን በአደባባይ አታውጁብኝ! እኔ እንደዛ አይደለሁም። ማንም ሰው እንደዛ አይደለም!»

አዘጋጁ የሰማት መስሎኝ ነበር። ራሱን ነቀነቀ፤ «ሐሳብዎ በጣም ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ እጁን ወደ ግድግዳው ወረቀቶች ዘረጋ፦ «ግን ጥናቱ አለ፤ አሥራ ሁለት ክፍልም ተቀርጾ አልቋል። ሻይ ይምጣልዎት?»

«ሻይህን ለጥናትህ አጠጣው!» ብላ ወጣች።

ደራሲው ደረጃው ላይ ሮጦ ደረሰብን። ያለከልካል። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም የጻፍኩት። አሁን በስድስት ሰው ነው የሚጻፈው። ተከራክሬ ነበር፤ እምቢ አሉኝ።»

አክስቴ ዞራ አየችው። «ድራማው ሲጀምር በትልቁ የሚጻፈው የማን ስም ነው?»

«የእኔ» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«ስምህን ለሽንገላ አከራይተህ እኔ አይደለሁም ትለኛለህ? ቤቴ ሳለህ ድሃ ነበርክ፤ ግን የምታየውን ነበር የምትጽፈው።»

እኔ መንገድ ላይ ነው የገባኝ፤ ለካ የተናደደችው ተሰደብኩ ብላ አይደለም። ሰድበዋት ቢሆን ኖሮ እንዴት እንደምትመልስ ታውቃለች። ደግ አድርገው ሲያዋርዷት ግን መልስ አጣች።

ድራማው ቀጠለ። ተኳሿ በየሳምንቱ ትባርካለች፣ ትመክራለች፣ ታስታርቃለች። ከሩቅ ሰፈር የሚመጡት ደንበኞች አንድ በአንድ ቀሩ። በሰባተኛው ሳምንት የቴሌቪዥኗ ተኳሽ ልጇን ልትጠይቅ ብላ በአውቶቡስ ሄደች፤ ከዚያ አልተመለሰችም፤ የት ደረሰች ብሎ የጠየቀም የለም። ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ቴሌቪዥኑን ወደ ኳስ አዞረው። ሰው ዛሬም የሚያወራው ስለ መጀመሪያዋ ተኳሽ ነው፤ በሩን ዘግታ ስለሰፋችው። ሁለተኛዋን አይቼ አላውቅም የሚሉ አሉ፤ ሁሉም ሲያዩ ነበር።

በዘጠነኛው ሳምንት አክስቴ በአጋጣሚ ከፍታ የድራማውን መግቢያ አየች። መነጽሯን አድርጋ የሚያልፉትን ስሞች ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላ አነበበች። የደራሲው ስም የለም። ድጋሚ አነበበች ብል ይሻላል፤ በቀጣዩ ሳምንትም ጠብቃ አንብባለችና። ስሙን አስፍቆ ሥራውን ለቆ ነበር። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ያስተምራል ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ነገረን።

«ታዲያ ይቅር አልሽው?» አልኳት።

«ለምኑ? ቤት ካቃጠለ በኋላ ክብሪት የጣለ ሰው ይመሰገናል?»

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። አምስት ሸሚዝ በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ መልሶ ከስቷል። «እንደምን ዋሉ እትዬ» አለ። አክስቴ ሸሚዞቹን ተቀበለችው፤ አንዱን ዘርግታ ክንዱ ላይ ያለውን የጠመኔ አቧራ አየች።

«በዚህ ነው ጥቁር ሰሌዳ የምታጸዳው?»

ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። «አዲስ ነገር እየጻፍኩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻዬን።»

«ሰኞ ና፣ ውሰድ» አለችው። «ሸሚዙን ማለቴ ነው። ሌላውን ሳነበው ነው የማወራህ፤ ካለቀስኩበት ግን እዚህ ሰፈር እግርህ እንዳይደርስ!»