ምራት የማትጠራው ስም

ቤርሜት በናሪን ከተማ ኮሙኒኬሽንና ሚዲያ ስትማር ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ካገባች ደግሞ ሁለተኛዋ። ክፍል ውስጥ አካሏ እንጂ ልቧ አይቀመጥም። መምህሯ ቺናር ከመልእክት ላኪ ወደ ተቀባይ ቀስት ሲያሰምሩ፣ እሷ በመስኮቱ ተራራውን እያየች፣ ድምፅ ያን ሁሉ በረዶ እንዴት እንደሚሻገር ታልማለች። ሲሻገር ይበርደው ይሆን? ይህን ጥያቄ ፈተና ላይ የሚያወጣ መምህር አለመኖሩ ያሳዝናል።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በአካባቢው ሬዲዮ በቀጥታ ዜና ማንበብ ነበር። ስም የዘለለ ዓመቱን ይደግማል። ቤርሜት ወረቀቱን ስትቀበል ክው አለች። በፈረስ እሽቅድምድሙ ያሸነፈው ግራጫ ፈረስ ባለቤት ቱርዱቤክ ኢሳኮቭ ይላል። የባሏ አባት!

በአገሩ ወግ ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሳም። ቤት ውስጥ «አታ»፣ አባባ እንደማለት፣ ትላቸዋለች፤ ከጎረቤት ጋር ስታወራ «የግራጫው ፈረስ ጌታ»። ስማቸውን ብትጠራ መንደሩ ዓመት ሙሉ ሲያማት ይከርማል። «ያገባች ሴት ምን ትምህርት አላት?» ያሉትን ሁሉ አፍ አዘግተው ያስተማሯት ደግሞ እኚሁ ሰው ናቸው። እሳቸውን ከማዋረድ ሞቷን ትመርጣለች።

«ቺናር ኤጄ» አለች መምህሯን እንደ ታላቅ እህት ጠርታ፣ «ይቺን አንዷን ሌላ ሰው ያንብብልኝ። አማቴ ናቸው።»

«እኔስ የሰው ምራት አይደለሁ?» አሉ መምህሯ። «ምራትነትሽን እበሩ ላይ አውልቀሽ ግቢ። ስትወጪ ታጠልቂዋለሽ፤ ማንም አይሰርቅሽም።»

ስቱዲዮው ውስጥ ቀዩ የቀጥታ ስርጭት መብራት በራ። ቤርሜት ስሙ ጋ ስትደርስ ዝም አለች። በዝምታው ውስጥ ግራጫው ፈረስ ኮቴው ሳይሰማ ሲያልፍ ያየች መሰላት፤ መስኩም ተራራውም ጆሮውን ሰጥቶ የሚጠብቃት። ከዚያ የገዛ ድምፅዋን ከሩቅ ሰማችው።

«ቱርዱቤክ ኢሳኮቭ።»

ፈተናውን አለፈች፤ ደስታው ግን አልመጣላትም። ቤት ስትደርስ አማቷ ግቢ ውስጥ ፈረሱን እያሻሹ ነበር፤ ሬዲዮው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። እንደ ወጉ ሦስቴ ጎንበስ አለች።

«አታ፣ ይቅር ይበሉኝ። አዋረድኩዎት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከፈረሱ ላይ አነሱ።

«እናቴ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ፤ እኩዮቼም አልቀዋል» አሉ። «ከዚያ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ ሐኪም ቤት ብቻ ነው፤ ያውም ለመርፌ! አንቺ ስትጠሪኝ ግን ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። እስቲ ድገሚው።»

ቤርሜት አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ሳቅ አሉና የአለንጋቸውን እጀታ አፏ ጋ አስጠጉላት። «ይኸው ማይክሮፎን!»

ቤርሜት ወደ ቤቱ በር ዞረች። የባሏ እናት እጃቸው ዱቄት እንደሆነ ቆመዋል።

«በይው እንጂ፣ እኔን ምን ታዪኛለሽ? እኔም በወጉ ታስሬ አርባ አምስት ዓመት አፌ ላይ ሲመጣ የዋጥኩት ስም ነው።»

«ቱርዱቤክ» አለች ቤርሜት በቀስታ።

አሮጊቷ ደረጃውን ወርደው የአለንጋውን እጀታ ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ቱርዱቤክ» አሉ እሳቸውም።

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፈረሱ መለሱ፤ ያሻሹትን ያንኑ ቦታ ደግመው ደጋግመው ማሻሸት ያዙ።