ከገደሉ ማዶ የተተኮሰች ጥይት

ኅዳር ሊወጣ ሲል ነው። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ የጮቄ ተራራ ውርጭ ጠዋት ጠዋት የጓሳውን ሣር ነጭ ያለብሰዋል። ከሮብ ገበያ በላይ ያለው መንደራችን በአንድ ነብር ተቸግሮ ነበር። በግ ሲወስድ ቻልነው፤ ውርንጭላ ሲበላም ቻልነው። አንዲትን እናት ከበረቷ ደጃፍ ጥሎ ትከሻዋን ሲዘነጥላት ግን ከወረዳ ፈቃድ መጣና ሦስት ሆነን ወጣን።

እኔ፣ አያ ደሴ፣ የባለቤቴ ወንድም ሙሉቀን። አያ ደሴ ምንሽራቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ዱካ የሚያነቡ ሽማግሌ ናቸው። ሙሉቀን ደግሞ ባለ መነጽር ጠመንጃ ገና መግዛቱ ነበር፤ «በዚህ የማዶ ሰው ጺም ይቆጠራል» እያለ ጆሯችንን አድርቆታል።

እናንተ የዛሬ ልጆች የያኔውን ሕግ ላታውቁት ትችላላችሁ። በእኛ አገር አውሬ የሚቆጠረው ለገደለው ሳይሆን መጀመሪያ ላደማው ነበር። ፉከራው የሱ፣ ሙገሳው የሱ። ከሩቅ ለመተኮስ የሚቸኩለው ሁሉ ሞኝ አይምሰላችሁ፤ ስም ፈልጎ ነው።

ዱካውን ምንጩ ጭቃ ላይ አገኘነው፤ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለበት፣ ገና ውሃ ያላቆረ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ነብሩን ራሱን ከገደሉ ማዶ፣ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ሲሞቅ አየነው። ሙሉቀን በደረቱ ተኛ።

«ተው» አሉት አያ ደሴ። «ብታገኘውም ገደሉን ዞረን እስክንደርስ ጥሻ ይገባል። የቆሰለ ነብር ነገ እንጨት ለቃሚ ሴት ላይ ነው የሚወጣው።»

«እኔ እኮ አልስትም፣ አያ ደሴ።»

«ትስታለህ መች አልኩህ? ትደርስበታለህ ወይ ነው የምልህ።»

በሸለቆው ነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የእኛ ጓሳ ወደ ቀኝ ሲተኛ የማዶው ወደ ግራ ይተኛል። ሙሉቀን ተኮሰ። ነብሩ ነጠረ፣ ወደቀ፣ ተነሣና እያነከሰ ከአስታው ቁጥቋጦ ጥሻ ውስጥ ገባ።

አያ ደሴ አልተቆጡም። «በል እንግዲህ፣ ያደማ ይከተላል» አሉ ብቻ።

ወርደን እስክንወጣ ጥላው ዞሯል። ደሙ ጥቂት ነው፤ የአጥንት ስባሪ አለበት። የኋላ እግሩን ነው ያገኘው። ጥሻው ጨለምለም ያለ ነው። ሙሉቀን «ልቅደም» አለ፤ ቀደመ። ፈሪስ አልነበረም። እኔ ከሱ ወረድ ብዬ ስሄድ ነብሩ በእኔ በኩል መጣ። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሰማይ ነው ያየሁት። ክላሼ ከእጄ በረረ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነው።

ሙሉቀን አነጣጠረ። ኋላ እንደነገረኝ፣ በዚያ ጺም በሚቆጥር መነጽሩ የታየው ጠጉር ብቻ ነው፤ የእኔ ይሁን የነብሩ አልለየም። ጠመንጃውን ጣለ፣ ጋቢውን ግራ ክንዱ ላይ ጠቀለለና ክንዱን ነብሩ አፍ ውስጥ ሰደደው። አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። «በሉት አያ ደሴ! በሉት!» ይላል። ሽማግሌው ምንሽሩን ከነብሩ ጆሮ ሥር አስጠግተው ተኮሱ።

መንደር ስንገባ ሰዉ ለሙሉቀን ዘፈነ፤ ቀድሞ ያደማ እሱ ነዋ! ክንዱ በነጠላ ታስሮ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ፎክር እንጂ!» ቢሉት፣ «የማዶ ጥይቴ እህቴን ባል አልባ ሊያስቀራት ነበር። ግዳዩ የአያ ደሴ ነው» አለ። ዕልልታው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ከሩቅ ያደማ አይፎክርም።

መነጽሩን ጠልቼው አይደለም፤ ማየት ምን ክፋት አለው? ከእናንተ አንዱ «ከዚህ ማዶ እመታለሁ» ሲለኝም መምታቱን አልጠራጠርም። ግን አውሬውም ነፍስ ነው፤ ቆስሎ ሲያቃስት ማደር የለበትም። ብታቆስለው ፈጥነህ ልትገላግለው ትችላለህ? ካልቻልክ ጣትህን ከቃታው አንሣ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ ልጆች ድሬያለሁ፣ የልጅ ልጅ ስሜያለሁ። ይህ ሁሉ ሙሉቀን የሰጠኝ ዕድሜ ነው። የግራ እጁ ጣቶች ዛሬም አይታጠፉለትም። ስንገናኝ ቀኙን ይዘረጋልኛል፤ እኔ ግን ግራውን ፈልጌ እስማለሁ።