እንከን አለበት ያልኩት ጠገራ

እናቴ በሕይወቷ ከእኔ የጠየቀችው ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን አስባበት አልጠየቀችኝም። ታማ ሆስፒታል ተኝታ፣ ትኩሳቱ አፏን ፈቶት፣ «ያቺን ብሬን አንዴ ብዳብሳት» አለች። ድና ከተነሳች በኋላ እንዲህ ብለሽ ነበር ስላት ካደች። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

«ብሬ» የምትለው ጠገራ ብር ነው፤ በአንድ ፊቱ ደረቷ የሞላ ሴትዮ፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር ያለበት፣ አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ትልቁ የብር ሳንቲም። እናቴ መቻራ ከተማ ስትዳር የገዛ እናቷ ከራሷ አንገት ፈትታ ያሰረችላት ነው። ማንጠልጠያውን የበየደው አንጥረኛ እጁ የከበደ ሰው ኖሮ፣ ብየዳው ፈስሶ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ የማሽላ ፍሬ የምታህል ጠብታ ሆኖ ደርቋል። እናቴ ሐሳብ ሲገባት ያቺን ጠብታ በአውራ ጣቷ ታሻሽ ነበር። ልጅ ሆኜ ሳያት ብሩ የተሠራው ለዚያ ይመስለኝ ነበር። እኔ ኮሌጅ ስገባ በደሳ ገበያ ላይ ለሚዞር ብር ገዢ ሸጠችው፤ ፍራሽና ሻንጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምበላውም ሆነልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ጣቷ ግን ለዓመታት ባዶ ደረቷን ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ፍለጋ ጀመርኩ። ጭሮ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ አሮጌ ሳንቲም የማውቀው ነገር አልነበረም። ስልኬ ላይ ሳንቲም የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች የተሰበሰቡበት አንድ ግሩፕ ውስጥ ገባሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉም ከዚያ አልወጣሁም። ጠገራ ሁሉ ላዩ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት አንድ ነው፤ የጥንቱም በቅርብ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ዓመቱን አይቶ የሚገዛ ሰው የዋህ ነው። እኔም እንዲያው ጀመርኩ። መጀመሪያ የገዛሁት ከምን እንደተቀለጠ እግዜር ይወቀው፣ ጠረጴዛ ላይ ስጥለው እንደ ድንጋይ ዷ ብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ነቃሁ። በሴትዮዋ ደረት ላይ ያለው ጌጥ እንቁዎቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ መሆናቸውን፣ ጠርዙን የሚዞረው ጽሑፍ መኖሩን፣ ሚዛኑ ሃያ ስምንት ግራም መድረሱን ማየት ለመድኩ። ሻጩን «ሲሚንቶ ላይ ጣለውና ድምፁን በቮይስ ላክልኝ» እለዋለሁ። እውነተኛ ብር ይጮኻል፣ ጩኸቱም ቶሎ አይጠፋም። በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ማረፊያው ጥግ ላይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማ ያዩኝ ባልደረቦቼ ሴት ይዟል ብለው አሙኝ።

ደረጃ አወጣጡንም ተማርኩ። ሻጭ ሁሉ «አንደኛ፣ ያልተነካ» ይላል። የሴትዮዋ ፀጉር መስመሩ ከጠፋ ግን ተነክቷል፤ የንስሩ ላባ ከለሰለሰ ብዙ ኪስ ገብቶ ወጥቷል። በአመድና በሎሚ የታሸ ብር እንደ መስታወት ቢያበራም ለሚያውቅ ሰው ወድቋል፤ የተበየደበትማ ከነጭራሹ ከደረጃ ውጪ ነው። እየዋለ ሲያድር ሰዎች ፎቶ እየላኩ «መምህር፣ ይሄስ?» ይሉኝ ጀመር። እኔም ተኮፍሼ «አስመሳይ ነው»፣ «ታሽቷል»፣ «ሦስተኛ ነው» እያልኩ እፈርድ ነበር። እኔ የምፈልገው ያንኑ ከደረጃ ውጪ የሆነውን መሆኑን ለማንም አልነገርኩም። ቢያውቁብኝ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅሉታል ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንድ የቦርደዴ ባለሱቅ አንድ ጠገራ ለጠፈ። ፎቶው ደብዛዛ ነው። ማንጠልጠያው ግን አለ፣ በሴትዮዋ ትከሻ ላይም አንዲት ጠብታ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ተማሪዎቼን መልመጃ ሥሩ ብዬ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት።

ጤነኛ ሰው በዚህ ጊዜ ምን ያደርጋል? «አትንካው፣ መጣሁ» ብሎ ሚኒባስ ላይ ይወጣል። እኔ ግን የጭሮ ገበያ ያሳደገኝ ነኝ። እዚህ የወደደውን ዕቃ የሚያመሰግን ገዢ የለም። ጫት የሚገዛው ሰው እስሩን ገልጦ «ይሄማ ጠውልጓል» ሳይል ዋጋ አይጠይቅም፤ ፍየል የሚገዛውም ጥርሷን አይቶ «አርጅታለች» ይላል። ሻጩም አይቀየም፣ እንዲያውም ሰውየው ሊገዛ ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ይህን ያስተማረችኝ ደግሞ እናቴ ናት። ገበያ ስትወስደኝ «ዓይንህ የወደደውን አፍህ ይጥላው» ትለኝ ነበር።

እናም ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ይሄን ብየዳው አበላሽቶታል። ትከሻዋ ላይ ያለው ጠብታ ትልቅ እንከን ነው፣ ማንጠልጠያውም ከደረጃ ያወጣዋል። እውነተኛ መሆኑንም እጠራጠራለሁ። እስቲ በቅርበት አንስተህ ላክልኝና እናያለን።»

ሦስት ቀን ዝም አለኝ። ቀድሞ የተናገረ ይጎዳል ብዬ እኔም ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ፎቶ መጣ፣ ይህኛው ጥርት ያለ ነው። ብሩ ያበራል። ማንጠልጠያው የለም። ጠብታዋም የለችም፤ ትከሻው ላይ የሞረድ ጭረት ብቻ አለ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ያልከኝን እንከን ሁሉ አስወገድኩት። አንጥረኛ ጋ ወስጄ አስሞረድኩት፣ በሎሚም አሸሁት። አሁን አንደኛ ሆኗል።» ድምፁንም ሳልጠይቀው ልኮልኛል። ብሩ ጥርት አድርጎ ይጮኻል።

በማግስቱ ቦርደዴ ወረድኩ። ባለሱቁ ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ፣ ለስላሳ ከፈተልኝ። ማን እንደሸጠለት ጠየቅሁት።

«ከገጠር የመጣች ሴት ናት። ወላሂ አላውቃትም።»

«ሳይሞረድ በፊት በቅርብ አንስተኸው ነበር?»

«አንስቼ ነበር፣ ስልኬ ሞላብኝና አጠፋሁት። ምነው መምህር፣ አላማረም እንዴ?»

ልቆጣው ፈለግሁ፤ ግን ምን ብዬ? የነገርኩትን ነው የፈጸመው። የጠራልኝን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩትና ብሩን ይዤ ወጣሁ። አለመከራከሬ ግራ አጋብቶት እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኝ።

መንገድ ላይ አገላብጬ አየሁት። እንቁዎቹ አሉ፣ የጠርዙ ጽሑፍ አለ፣ ክብደቱም ልክ ነው። ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ እውነተኛ ጠገራ መሆኑን ይመሰክራል። የእናቴ መሆኑን የሚመሰክር ግን ምንም የለም። በዚህ አገር ስንት አንጥረኛ ስንት ሴት ብር ላይ ብየዳ አፍስሷል? ምናልባት የእሷ ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ጥያቄዬን የምትመልስልኝ አንዲት ጠብታ ነበረች፣ እሷም ሞረድ ሥር ብናኝ ሆና ቀርታለች። ያስሞረድኳት እኔ ነኝ። የእጄን አገኘሁ። ተስፋ መቁረጥ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አላውቀውም።

ለእናቴ ሰጠኋት። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው አሁን የምታየው በጣቷ ነው። መዳፏ ላይ ሳስቀምጠው ክብደቱን አውቃው ፊቷ በራ። ከዚያ አውራ ጣቷ ወደ ሴትዮዋ ትከሻ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ብሩን ገልብጣ በሌላው ፊት ሞከረች፣ መልሳም ገለበጠችው።

«የኔ አይደለችም፣ ኢልማ ኮ» አለችኝ። ልታባብለኝ ስትፈልግ ነው «ልጄ» የምትለውን ወደ ኦሮምኛ የምትመልሰው።

«እማዬ፣ ሲያጸዱት ሞርደውት ቢሆንስ?»

«ማን ነው የሰው ምልክት የሚሞርድ? እብድ ካልሆነ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አሁን ልንገራት፣ አሁን ልንገራት ስል እሷ ብሩን መልሳ እጄ ውስጥ አስቀመጠችውና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።

«የአንዲት ሴት ናት። እሷም ትፈልጋት ይሆናል። ለባለቤቷ መልስላት።»

ከግሩፑ ወጣሁ። ብሩ ትምህርት ቤት መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ እኔም አላየው፣ ማንም አያየው። እናቴ ሳምንት ሙሉ ነገሩን አላነሳችውም። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ከገበያ የመጣ ነጭ ሽንኩርት ስንልጥ ጠየቀችኝ።

«መለስክላት?»

«መለስኩላት።»

«አወቀቻት?»

«ወዲያው ነው ያወቀቻት፣ እማዬ።»

«ታድላ» አለችና ሌላ ሽንኩርት አነሳች።