የተቆረጠችው ኩፖን

በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ቶሌዶ ከተማ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚበሩ ጀግኖች ያሉባቸውን የድሮ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች፣ ኮሚኮች፣ ስንሸጥ፣ የወንድ ጃኬት እጅጌውን ጠቅልለው የሚለብሱ አንዲት አሮጊት ይመጣሉ። ሽፋን አያዩም፤ በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ይገልጣሉ።

«እናቴ፣ የዚህ እኮ የዕቃ ማዘዣ ኩፖኑ ተቆርጧል። ደህናውን ልስጥዎት?» አላቸው አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ የሚሸጠው ድዋይት፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን።

«ደህናው ምን ይሠራልኛል?» አሉና ከቦርሳቸው ቢጫ ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ቀዳዳው ላይ ለኩ። «የሚያስበርር ካባ አዛለሁ ብዬ በዘጠኝ ዓመቴ ከወንድሜ ኮሚክ የቆረጥኳት ናት። እናታችን በኋላ ኮሚኮቹን ሁሉ ሸጠቻቸው። እሱ ግን ሰባ አምስት ዓመት ሞልቶት እስካሁን የሚያነሳብኝ ያቺን ቀዳዳ ነው!»

አልገጠመችም። እየሳቁ ሌላ ገለጡ።

ድሮ የተቆረጠ ኮሚክ እንጥል ነበር። አሁን በየጠረጴዛችን ሥር ለእሳቸው ያስቀመጥነው ካርቶን አለ።