የምታንኳኳ ካቴና ይዤ ከእጃጂ አምቦ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ እጃጂ

ጉም ነው። በራችን ላይ ቆሜ የጎረቤት ጣሪያ እንኳ አይታየኝም። ፒክአፗን ሳስነሳት እንደ ሰሞኑ አንኳኳች። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ከተው የሚያራግፉት ይመስላል ይላሉ የሰሙ። እኔ ቀኝ ጆሮዬ ከከዳኝ ቆይቷል፤ ግራውም የሚሰማው ሲፈልግ ነው። የሰማችው ባለቤቴ ዘነበች ናት።

«ዛሬ ባሰባት» አለች።

«ብርድ ነው። ስትሞቅ ትተዋለች።»

«ሁለት ወር ሙሉ ብርድ?»

በሩን ከፍቼ አስገባኋት።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጎረቤቴ መምህሩ ሆሄውን አቃንቶልኛል፤ ቃሌን ግን እንዳይነካ አስጠንቅቄዋለሁ። ስለዚህ እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

የዘነበች ግራ ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፍኖታል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች እንጂ ሰው አትለይም። ከአዲስ አበባ የመጡ የዓይን ሐኪሞች አምቦ ሰንብተው ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። የእኛ ተራ ከስድስት ሰዓት በፊት ነው። ስትመዘገብ ጸሐፊዋ «አባባ፣ ከአስታማሚ ጋር ይምጡ፤ የሚፈርም ሰው ከሌለ ለቀዶ ጥገና አይገቡም» ብላኛለች። አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ዘነበች በአውቶቡስ እንሂድ ብላ ነበር። መኪና እያለኝ ሰው ጭን ላይ አልቀመጥም አልኳት።

አንድ ሰዓት ከሩብ፣ የጌዶ ዳገት

መንገዱ እየተሠራ ነው። ቀይ አቧራ፣ የድንጋይ ክምር፣ ቢጫ ማሽን፣ ባንዲራ የምታውለበልብ ልጃገረድ። ጭድ የተጫኑ አህዮች መሐል መንገድ ይዘው አይለቁም። ዳገቱ ሲጀምር በቆሎው ያልቅና ገብስ ይመጣል፤ ብርዱም ይጠነክራል። ይህን አሁን ነው የምጽፈው እንጂ ያን ጊዜ እንዲህ አልተናገርኩም።

«ምን ይታያል?» ትለኛለች።

«መንገድ ነው።»

«መንገዱ ላይስ?»

«ሰው።»

«ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይሄዳል።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀችኝም።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጌዶ

የከብት ገበያ ቀን ነው። ከየቀበሌው የወረደ በሬ አስፋልቱን ሞልቶታል። ዳገቱ ላይ የፒክአፗን ፊት ሽቅብ አድርጌ አቆምኩና ጭጭብሳ በሻይ በላን። ጭጭብሳው ቅቤ ያንሰዋል።

አሁን የእኔን ሥርዓት ልንገራችሁ። የፒክአፗ የእጅ ፍሬን ከሞተ ቆይቷል። ዳገት ላይ ሳቆም አንደኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ የኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። ድንጋዬን ይዣት ነው የምዞረው። ሌላው ሾፌር መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳና ድንጋዩን ሰው ያነሳለታል። እኔ ሰው አልለምንም። ድንጋዬን ራሴ አነሳና ኋላ እጭናለሁ፣ ከዚያ ዞሬ እገባለሁ። እስከዚያ ማርሹ ይይዛታል። ሃያ ዓመት ይዟታል።

ዛሬ አልያዛትም። ዘነበችን አስገብቼ፣ ድንጋዩን አንስቼ፣ ገና ሳልዞር መኪናዋ ገጭ ገጭ እያለች ወደ ኋላ ወረደች። የቦዩ ጠርዝ አቆማት።

«አንተ! ወዴት ነው የምትወስደኝ?» ብላ ጮኸች ዘነበች። የምነዳው እኔ መስሏት ነው።

አንድ የበሬ ነጋዴ በትሩን ተደግፎ ይስቃል። «ኦቦ፣ መኪናዋ ወደ መጣችበት ልመለስ እያለች እኮ ነው! ለምን በግድ ይወስዷታል?»

ገብቼ ቁልፉን ባዞር ተንገጫገጨች፣ አስነጠሰች፣ ጠፋች። ደገምኩት። ያው ነው። የሳቀው ነጋዴ ሦስት ሰው ጠርቶ እየገፉ ቁልቁል ካለው የቶሎሳ ጋራዥ አስገቡኝ። አልለመንኳቸውም፤ ገፉ።

ሦስት ሰዓት፣ የቶሎሳ ጋራዥ

ቶሎሳ ሃምሳውን የያዘ ቀጭን ሰው ነው። ጴንጤ ነው፤ ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አባባ! ማል ታኤ፣ ምን ሆነች?»

«አልነሳ አለች።»

ኮፋኖውን ከፍቶ አንዴ ብቻ አስነሳኝ። «በቃ፣ በቃ! ያጥፉ!» ብሎ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ በጨርቅ እጁን እየጠረገ መጣ።

«ሞተሩ ውስጥ ካቴና አለ፣ አባባ። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዝ ዕቃ ደግሞ አለ፤ ቴንሽነር ነው። እሱ ካለቀ ሰንብቷል። አሁን ወደ ኋላ ስትንሸራተት በማርሹ ምክንያት ሞተሩ በግልባጭ ዞረ፤ ካቴናው ረገበና ጥርስ ዘለለ። ሲያንኳኳ አልሰሙም?»

«አልሰማሁም።»

ወደ ዘነበች ዞረ። «እርስዎስ እማማ?»

«ሰምቻለሁ» አለች።

ዘነበች የምንሄድበትን፣ የፊርማውንም ነገር ነገረችው። አዲስ ቴንሽነር ጌዶ የለም። ቶሎሳ አምቦ ላለ ዕቃ ሻጭ ደወለ፤ ከዚያ በሚነሳ መኪና ይላክልሃል አሉት። እስከዚያ ሞተሩን ይፈታል። በሩ ላይ ደግሞ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «አምቦ! አምቦ! ሁለት ሰው!» ይላል።

«ሁለት ሰው ነው የሚለው» አለ ቶሎሳ። «አብረው ይሂዱ። መኪናዋን አልበላትም። ማታ መጥተው ይወስዷታል።»

«የተፈታ ሞተር ጥዬ አልሄድም።»

ጋራዥ መኪና ያስገባ ሰው ያውቀዋል። ሞተርህ ሲፈታ ከጎኑ ቁጭ ትላለህ፤ ደህናው ዕቃህ ወጥቶ የሌላው አሮጌ እንዳይገባብህ። ቶሎሳን እንዲህ ያደርጋል ብሎ ያማው ሰው የለም። እንዲያውም ታማኝ ነው ይሉታል። እኔ ግን ለአባቴም ቢሆን የተፈታ ሞተር አልተውም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ዘነበች።

«ሐኪም ቤት ድረስ ማን ይይዝሻል?»

ሚኒባሱ ውስጥ ቅቤዋን በቅል ታቅፋ የተቀመጠች ነጋዴ አንገቷን አወጣች። «ኮቱ እማማ፣ ይምጡ። ሐኪም ቤቱ በር ድረስ እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

ቶሎሳ ግን አልተወኝም። «የሚፈርምላቸውስ?»

«ከስድስት በፊት እደርሳለሁ። ካልሆነም ሴትዮዋ ትፈርማለች።»

«እኔ?» አለች ነጋዴዋ። «እኔ ስፈርም ቅቤዬን ማን ይሸጥልኛል? በር ድረስ ነው ያልኩት አባባ!»

የሐኪም ቤቱን ካርድ ለዘነበች ሰጠኋት። ረዳቱ በሩን ሲዘጋ በመስኮት በኩል፣ እኔ ወዳልቆምኩበት ፊቷን አዙራ «ስትመጣ እሰማሃለሁ» አለችኝ።

ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚያው

የተገለበጠ ጄሪካን ላይ ተቀምጫለሁ። ቶሎሳ ውኃውን አፈሰሰ፣ ራዲያተሩን አወጣ፣ ቺንጊያ የሚሉትን ቀበቶና የሚዞርበትን ፑሌጃ አወረደ፣ የሞተሩን የፊት ክዳን ብሎን በብሎን ፈታ። ብሎኖቹን በየተራቸው ካርቶን ላይ ሰክቶ አስቀመጠ። ሰው እንዲህ ሲሠራ ሳየው እሱን እንደ ሌባ መጠበቄ ትንሽ አሳፈረኝ። አልተነሳሁም ግን።

ክዳኑ ሲወልቅ ካቴናው ዘይት ለብሶ ተንጠልጥሎ ታየ። ቶሎሳ በጣቱ ገፋው፤ እንደ ላላ ቀበቶ ተወዛወዘ።

«ይኸው» አለ። «ደግሞ ዕድለኛ ነዎት። ቫልቮላው ቢታጠፍ ኖሮ ወር ሙሉ እዚህ ነበርን።»

አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ከአምቦ የመጣ መኪና ሁሉ ሲቆም ብድግ እላለሁ። አንዱ ሲሚንቶ ያመጣል፣ አንዱ ተማሪ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ቶሎሳ መዝሙሩን አቁሞ አየኝ። አንድ ነገር ሊናገር ነበር፤ ፊቴን አዞርኩበት። ገበያው ተበተነ። ያልተሸጡ በሬዎች በመጡበት ተመለሱ።

ቴንሽነሩ የደረሰው ሰባት ሰዓት አልፎ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ዕቃ ከመዳፌ አይበልጥም። ቶሎሳ የካቴናውን ምልክት ከጥርሱ ምልክት ጋር ገጠመ፤ ሞተሩን ብሎን በሚፈታበት ቻቬ በእጁ ሁለት ዙር አዙሮ እንደገና አየው። ፍጠን ልለው አልቻልኩም። የቸኮለ መካኒክ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ያስነሱ» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ። ምንም የለም። ደግሜ ላዞር ስል እጄን ያዘኝ።

«ተነስታለች አባባ! ሊያቃጥሏት ነው?»

እጄን መሪው ላይ አደረግኩ። እውነትም ትንቀጠቀጣለች።

አሮጌውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እንዳልተታለልክ እንድታይ አሮጌውን ለባለቤቱ ይሰጡታል። ተቀበልኩት። እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም፤ ይኸው እዚህ ብያለሁ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በባቢችና በጉደር

ባቢችን አልፌ ቁልቁል ወረድኩ። የጉደር ሽንኩርት በየመንገዱ ዳር በክምር በክምር ቀይ ሆኖ ተደርድሯል። ድልድዩ ላይ ሴቶች ልብስ አስጥተዋል። ምን ይታያል የሚለኝ ሰው የለም። ጎኔ ያለው ወንበር ላይ ነጠላዋን ረስታው ነበር፤ በየጠመዝማዛው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ አምቦ

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ነጭ መኪና ላይ ሳጥን ይጫናል። በረንዳው ላይ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ የተሸፈነ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም አጠገብ አንድ ሰው አለ። በአግዳሚው ጫፍ ዘነበች ብቻዋን። ፋሻ የላትም።

ነርሷ ቀድማ ደረሰችብኝ። «ባለቤታቸው ነዎት? እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅናቸው እኮ አባባ! ሌላ ሰው እያስገባን እሳቸውን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ። ስልክ ስንጠይቃቸው የለውም አሉ።»

የለኝም። ሰው በየደረሰበት እንዲጠራኝ አልፈልግም ብዬ ነው።

ሐኪሙን አገኘሁት። ወጣት ነው፤ ዓይኑ በድካም ቀልቷል። ለመንኩት። ድንጋይ አንሱልኝ ብዬ ሰው ለምኜ የማላውቅ ሰው ለመንኩ።

«ዕቃው ታሽጓል አባቴ» አለኝ። «አዲስ አበባ መሄድ ይችላሉ፤ ወረፋው ግን ወራት ይፈጃል። እኛ መቼ እንደምንመለስ አልተነገረንም። እንዳይቆዩ ብቻ፣ ሞራው እየጠነከረ ነው።» ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። አጣጥፌ ያዝኩት።

ዘነበች ፊት ሄጄ ቆምኩ። ጥላዬ ሲያርፍባት ቀና አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መኪናህስ?»

«በር ላይ ናት። ተሠርታለች።»

ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች። «አልሰማኋትም» አለች ከዚያ። «በሩን በሩን ስሰማ ነው የዋልኩት። ሁሉም መኪና ዝም ብሎ ይገባል። ያንተ ስታንኳኳ እለያታለሁ፣ ቶሎ ተነስቼ መጣ እላቸዋለሁ ብዬ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት፣ መልስ

አምቦ አልጋ ተከራይተን አደርን። ጠዋት መኪናዋን ሳስነሳ ዘነበች ራሷን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ጉደር እስክንደርስ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ድልድዩ ላይ «ውኃው ጎድሏል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። «ሴቶች ያጥባሉ። አንዷ ቢጫ ለብሳለች። ሽንኩርቱን ዛሬ በጆንያ እየሞሉት ነው፤ የሚሞላው ሰውዬ አንካሳ ነው።»

ዳገቱን ወጣን።

«ባቢች ነው። ትልቁን ዋርካ ታስታውሺዋለሽ?»

«አለ?»

«ግማሹን ቆርጠውታል። በቀረው ሥር በግ ይሸጣሉ። ሦስት በግ፤ አንዱ ጥቁር።»

«ከሲታ ናቸው?»

«ከሲታ ናቸው።»

ጌዶ ላይ ቶሎሳ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ወደ ዘነበች አየ፣ ወደ እኔ አየ፣ እጁን አነሳ፤ ምንም ሳይጠይቅ ገባ። አልቆምኩም።

ስለ አሮጌው ዕቃ ማታ ነግሬያት ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ዘነበች «አሮጌውን ዕቃ ስጠኝ» አለች። ከነጨርቁ ሰጠኋት። ፈትታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ካቴናው እየፋቀ የሠራውን ጎድጓዳ አገኘችና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደችበት።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይህን ያህል እስኪቆፍር ሲጮህ ነበር እኮ» አለችና እንደገና ጠቀለለችው።

ስድስት ሰዓት ላይ እጃጂ ገባን። መጀመሪያ ጎማው ሥር ድንጋዩን አደረግኩ፤ ከዚያ ዘነበችን አወረድኩ። ጉሙ የለም፣ ፀሐይ ነው። አጥሩን፣ ጎረቤት ያሰጣውን በርበሬ፣ የበራችንን አረንጓዴ ቀለም፣ ከሥር መላጡን ነገርኳት። መላጡን አታውቅም ነበር።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የሐኪሙ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ነው፤ የአዲስ አበባውን ወረፋ ልናስይዝ ነው። መኪናዋ ደህና ናት፣ ድምፅ የላትም። ስለዚህ ከገበያ ስመለስ ከኩርባው ጀምሬ እስከ በራችን ክላክስ እነፋለሁ። ጎረቤቶች ይህ ሽማግሌ አበደ ይላሉ። ይበሉ። ዘነበች በረንዳ ላይ ሆና መኪና ሁሉ በመጣ ቁጥር ቀና እንድትል አልፈልግም።