ሳልሳ የኛ ነው ያልኩ ዕለት

ሐኪሙ ለስኳሬ «እንቅስቃሴ አድርግ» ሲለኝ በእግር መሄድን ማለቱ ነበር። ልደታ ውስጥ ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ ጉድጓድ ይገባል ወይ የአሸዋ ክምር ይወጣል። ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ በኮንዶሚኒየማችን የጋራ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰጠው የላቲን ዳንስ ትምህርት ተመዘገብኩ። አዳራሹ በግ የሚታረድበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት ቤት ነው። የሞራ ሽታው ሳይለቀው እኛ ወገባችንን ማወዛወዝ ጀመርን።

አስተማሪያችን ሙያውን ከስልኩ የቀዳ ጎረምሳ ነው። «ፋዘር፣ አትጨናነቅ፤ ላቲን አንድ ነው፣ ወገብ ብቻ ነው» ይለኛል። ለእሱ ሜሬንጌ የሚባለው ሙዚቃ ሲከፈት ሳልሳ ነው፤ ባቻታ ሲከፈት ቀስ ያለ ሳልሳ ነው፤ ኩምቢያ ደግሞ «ሳልሳ በሌላ ሙድ» ነው።

አዳራሹን የምታጸዳውና ቁልፉን የምትይዘው ጎረቤታችን ይህን ስትሰማ መጥረጊያዋን ተደግፋ ትስቃለች። በደርግ ጊዜ ገና ልጅ ሳለች በመርከብ ወደ ኩባ ተልካ፣ እዚያው አድጋ፣ በእርሻ ትምህርት ዲግሪ ይዛ የተመለሰች ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ ግን ሳቁ አልበቃትም።

«አንተ ልጅ፣ የጉራጌ ጭፈራና የጎጃም እስክስታ አንድ ነው ብልህ ትስማማለህ? ባቻታና ሜሬንጌ የዶሚኒካን ናቸው። ኩምቢያ የኮሎምቢያ ነው። የሳልሳህ እናት ሶን የምትባል ሙዚቃ ናት፣ የኩባ ገጠር ልጅ፤ ሳልሳ የሚለው ስም በኋላ ኒውዮርክ የወጣላት ነው።» ከዚያ በእጇ አጨበጨበችልን፤ ሦስት ጊዜ፣ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ። «ይህን ምት ካልሰማህ ወገብህ ብቻውን የትም አይደርስም።»

ልጁ «እሺ ማዘር» አለና የሙዚቃውን ድምፅ ጨመረው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት ከኩባ ተመልሳ ሥራ ፍለጋ የመጣችው እኔ ሠራተኛ በምቀጥርበት መሥሪያ ቤት ነበር። ዲግሪዋ በስፓኒሽ ነው። «አስተርጉመሽ ነይ» አልኳት። አስተርጉማ መጣች። «ማህተሙም ይተርጎም» አልኳት። እሱንም አስተርጉማ መጣች። «የተርጓሚው ፈቃድ የታለ?» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፤ እኔም ሕግ አስከበርኩ ብዬ ምሳዬን በላሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁም። እንደማንተዋወቅ ሆነን በአንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ስንት ዓመታችን! ይቅርታ ልጠይቃት እነሳና ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳድረዋለሁ። በቀጠሮማ የተካንኩ ነኝ።

የትምህርቱ ማጠቃለያ ዕለት ደረሰ። ዕድሜዬን ሪፖርት ስጽፍ ስለኖርኩ ስለ ላቲን ሙዚቃ አመጣጥ ንግግር እንዳደርግ ተመረጥኩ። በሁለት ገጽ ላቲንን አገር ቤት አስገባሁት። ከበሮው ከኛ የሄደ ነው አልኩ። እስክስታችንም አብሮ ሄዶ፣ ውቅያኖሱን ሲያቋርጥ መርከቡ አንገላቶት ከትከሻ ወደ ወገብ ወረደ አልኩ። ማስረጃ? የኛ ለሆነ ነገር ደግሞ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል! አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እንደዚያ ተወድጄ አላውቅም።

በሩ አጠገብ የቆመችው ጎረቤታችን እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ከበሮውን ያሻገሩት ከምዕራብ አፍሪካና ከኮንጎ በሰንሰለት ታስረው የተሸጡ ሰዎች ናቸው። ጊታሩ የስፔን ነው። እኛ የለንበትም። ከዚህ በመርከብ የሄድነው እኔና ጓደኞቼ ነን። ስንመለስ ደግሞ የኛ ናቸው ያለን አላገኘንም።»

ማንም አላጨበጨበም። አፈርኩ፤ እውነተኛ እፍረት፣ ጆሮ የሚያግል። አስተማሪያችን ነገሩን ለማብረድ ሰርተፊኬት ማደል ጀመረ። የኔም ደረሰኝ፤ ጠርዙ ወርቃማ፣ ማህተሙ ክብ፣ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ስፓኒሽ። ልጁ «ኦርጅናል እንዲመስል ነው፣ ፋዘር» አለኝ። ከስሜ በቀር አንዲት ቃል አልገባኝም።

ሰው ሲበተን ወደ እሷ ሄድኩ። በሩን ልትቆልፍ ነበር። ይቅርታው አፌ ላይ ደርሷል። ፈሪ ነኝና ቀድሞኝ የወጣው ሌላ ሆነ፤ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«እስቲ ምን እንደሚል ታነቢልኛለሽ?»

ተቀብላኝ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፈገግ አለች። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፋ የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተችልኝ።

«አስተርጉመው ይምጡ» አለችኝ። «ማህተሙንም ጭምር።»