የዘሃራ እሬት

ልጅ ሳለሁ፣ መርሳ ላይ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎረቤታችን አባ ይማም ዘንድ ተረት ልሰማ እሄድ ነበር። ኩራዙ ጥግ ላይ ይጨሳል፤ የእሳቸው ዓይን ግን ከጠፋ ቆይቷልና ብርሃኑ ለእኛ ለልጆቹ ብቻ ነበር። ያኔ ከሁሉም የምወደው አደይ አበባና እሬት የተከራከሩበትን ነበር። አደይ፣ «አገር ዓመቱን በእኔ ይጀምራል» ብላ ስትኮራ፣ እሬት ቀዩን አበባዋን ቀና አድርጋ፣ «አንቺ የደስተኞች ነሽ፤ እኔ ጠያቂ ከሌለው ጋር እቀመጣለሁ» ትላታለች።

ተረቱ ሲያልቅ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። መቃብር ላይ የበቀለ እርጥብ ነገር አላህን ያወድሳል፣ ለሟቹም ያቀልለታል ይሉን ነበር። በወሊድ የሞተችው ልጃቸው ዘሃራ መቃብር ላይ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ በእጃቸው የተከሏት እሬት ነበረች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለአገሩ እንግዳ የነበረው መምህራችን አደይ የአገር ምልክት መሆኗን ነገረንና፣ «የወረዳችሁስ አበባ ምን ይሁን? ጥሩውን ከነሥሩ ያመጣ ከባንዲራው ሥር ይተክላል» አለን። እኔ ዓይነ አፋር ነበርኩ፤ ተመስግኜ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ መመስገን አማረኝ። ዝናብ ካራሰው የዘሃራ መቃብር ላይ እሬቷ ሳትታገለኝ ተነቀለች። ክፍል ውስጥ ቆሜ የአባ ይማምን ተረት የራሴ አስመስዬ አወራሁ፤ ተጨበጨበልኝም፤ እሬቷንም ከባንዲራው ሥር ተከልኳት።

አርብ ዕለት አባ ይማም ጠሩኝ።

«ሰአዳ፣ በመቃብሩ በኩል አልፈሻል?»

«አልፌያለሁ፣ አባ።»

«እሬቷ አለች?»

«አለች።»

«አብባለች?»

«አብባለች።»

«አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ እኮ አንቺ ነሽ» አሉኝ፤ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

ከዚያ በኋላ አርብ በመጣ ቁጥር ይጠይቁኛል፣ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። እሬት ከሥሯ ልጅ ታወጣለች፤ ከባንዲራው ሥር አንዷን ቡቃያ ወስዶ መመለስ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ሰው ቢያየኝ ምን እላለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አለፈ። መቃብሩ ባዶ መሆኑን ያየ ሌላ ሰው ቢኖርም፣ ለዓይነ ስውር አባት ማን ደፍሮ ይነግራል?

ሊሞቱ ሲሉ እናቴ አጠገባቸው ነበረች። «ከዘሃራ ጎን አድርጉኝ፤ ሌላ አትትከሉ፣ የእሷ እሬት ለሁለታችን ትበቃለች» አሉ። ቃላቸው ተከበረ። ምንም አልተተከለላቸውም።

ዛሬ ወልድያ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ቡቃያ በፌስታል ይዤ መርሳ ወረድኩ። የመቃብር ቦታው በአዳዲስ ጉብታዎች ሞልቶ የእነሱን መለየት አቃተኝ። መቃብር ቆፋሪውን ልጠይቅ ብዬ፣ ምናቸው ነሽ እንዳይለኝ ፈርቼ፣ እሬቱን እንደያዝኩ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ተረቶቻቸው ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያልጠፋው «አለች» ያልኩት ቃል ነው፤ እሱን አምነው ነው ያ ፊታቸው የተፈታው።